ፍሬን ሰርቮ ለአሮጌ ላንድሮቨር፦ ምን ይጨምራል? ምን አይጨምርም?

በየጠዋቱ ከደወል በፊት የትምህርት ቤታችን በር ላይ የምትቆመውን አረንጓዴ ላንድሮቨር የማያውቅ ተማሪ የለም። የክፍል ጓደኛችን ቤተሰብ መኪና ናት። እናቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የራሳቸውን ልጆች ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ያለነውን የኢትዮጵያውያን ልጆች በሙሉ ሰብስበው ያመጣሉ። መኪናዋ በ1960ዎቹ የተሠራችው "ሲሪየስ 2ኤ" ረጅሙ ዓይነት ስትሆን በዕድሜ ወላጆቻችንን ትበልጣለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሆነን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሐርጌሳን ለሁለት ወደሚከፍለው የማሮዲ ጄህ ደረቅ ወንዝ ቁልቁል እየወረድን ሳለ ፍየሎች መንገድ ገቡ። እትዬ ፍሬን ያዙ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረባቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሙሉ ክብደታቸው ቆሙበት፤ መኪናዋ ግን መንከባለሏን አልተወችም። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን በኃይል ሳቡትና ከፍየሎቹ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ይሁን እንጂ እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ አልያዙም። የጓደኛችን አባት ሳምንቱን በርበራ በሥራ ላይ ስለሚያሳልፉ እኛም በእግራችን መምጣት ጀመርን።

አባትየው ነገሩን ሲሰሙ "ለዘመኑ መኪና ሁሉ ያለው ሰርቮ ይገጠምላት፤ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ነገሩ ያልቃል" አሉ። ገንዘብም አጠራቀሙ። መኪናዋ የገባችበት ጋራዥ መካኒክ የድሬ ልጅ ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ግን "ሰርቮውን እገጥመዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጎማዎቹን አውርደን እንያት" ብለው መለሱ። የሳይንስ ክበባችን አባላት በፊዚክስ መምህራችን ፈቃድ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ እየሄድን ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልን። የተማርነውን እነሆ ለመጽሔታችን አንባቢያን እናካፍላለን።

እግር እና ጎማ በምን ይገናኛሉ?

ሦስት ማርሾች አሉ ብለን እንጀምር፤ ማርሽ ስንል የጉልበት ማባዣ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ፔዳሉ ራሱ ነው። ፔዳል ምሳሪያ ወይም ሌቨር ነው፤ ታችኛው ክንዱ ከላይኛው አምስት እጥፍ ቢረዝም በእግራችን 30 ኪሎ ግራም ብንጫን በሌላው ጫፍ 150 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የፔዳሉ ዘንግ ዋናውን ፖምፓ፣ መካኒኮች ማስተር የሚሉትን፣ ይገፋል። የፖምፓው ፒስተን ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 150 ኪሎ ግራሙ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የ30 ኪሎ ግራም ግፊት ይፈጥራል። በ9ኛ ክፍል የተማርነው የፓስካል ሕግ እንደሚለው ይህ ግፊት ሳይቀነስ በቱቦው ወደ አራቱም ጎማ ይደርሳል። በየጎማው ያለችው ትንሽ ፖምፓ ደግሞ የፍሬን ሸራውን ወደ ታምቡሩ ትገፋለች።

ሦስተኛው ታምቡሩ ነው። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ባለ ታምቡር ነው፤ በረጅሙ ሞዴል ታምቡሩ 11 ኢንች ስፋት አለው። ሸራው የሚሽከረከረውን ታምቡር ሲነካ፣ ታምቡሩ ራሱ ሸራውን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በር ሥር የገባ ሽብልቅ በሩ በተገፋ ቁጥር ይበልጥ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ዲስክ ፍሬን ይህ ራሱን የማጥበቅ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ ከታምቡር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ዲስክ በተስፋፋ ጊዜ ሰርቮም አብሮ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሰርቮ ምንድን ነው?

ሰርቮ በፔዳሉ እና በዋናው ፖምፓ መካከል የሚቀመጥ የቆርቆሮ ድስት የሚመስል ነገር ነው። ውስጡ በስስ ጎማ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ቱቦ ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ጋር ያገናኘዋል። የቤንዚን ሞተር ጋዙ ሲለቀቅ የአየር በሩ ስለሚዘጋ፣ ፒስተኖቹ አየር ሲስቡ በቱቦው በኩል ከድስቱ ውስጥም ይመጡታል። ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ ሁለቱም ክፍሎች ከአየር ባዶ ወደ መሆን ይቀርባሉ። ፍሬን ስንይዝ ግን አንዲት ቫልቭ ተከፍታ በፔዳሉ በኩል ላለው ክፍል ብቻ የውጭውን አየር ታስገባለች። አየሩም ጎማውን ወደፊት ይገፋል፤ የእኛን እግር ያግዛል።

ለታናናሾቻችን እንዲገባ አንድ ሙከራ አለ። ባዶ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ አፍ ላይ አፋችሁን ግጠሙና አየሩን ምጠጡ፤ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። የጨመደደው የእናንተ ሳንባ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው አየር ነው። ሰርቮም የሚሠራው በዚሁ የአየር ክብደት ነው። ይህን ዓይነቱን አጋዥ በ1927 የሠራው አልበር ዴዋንድር የተባለ ቤልጂየማዊ መሐንዲስ ነበር።

የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ የአየር በር ስለሌለው በራሱ በቂ ባዶነት አይፈጥርም። ስለዚህ በብዙዎቹ የናፍጣ ቶዮታዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ለብቻዋ የተገጠመች አየር መጣጭ ፖምፓ ታያላችሁ። ሰርቮ ለናፍጣ መኪና የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህችን ማሰብ አለበት።

አንድ ሰርቮ፣ ሦስት ከተማ

እዚህ ላይ ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ "ይህ ሰርቮ የበለጠ ጉልበት የሚኖረው በርበራ ነው፣ እዚህ ነው ወይስ አዲስ አበባ?" ብዙዎቻችን ልዩነት የለውም አልን። ተሳሳትን።

ሰርቮ የሚሠራው በአየር ክብደት ከሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ጉልበቱም ይቀንሳል። በርበራ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ናት፤ ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። በመካኒኮች ልምድ ደህና የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ሥራ ሳይበዛበት 19 ኢንች ያህል ባዶነት ቢያሳይ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰርቮ የጎማው ስፋት 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ስናሰላው የሰርቮው ከፍተኛ እገዛ በርበራ ላይ 200 ኪሎ ግራም፣ ሐርጌሳ ላይ 160፣ አዲስ አበባ ላይ 125 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ስለዚህ በርበራ ላይ "ግሩም ነው" የተባለ ፍሬን ጅግጅጋን አልፎ ካራማራ ሲደርስ ሊጠነክር ይችላል። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። ለደጋ የሚሆን ሰርቮ የሚመርጥ ሰው ሰፋ ያለውን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተሠራው ሰርቮው አይደለም

ጎማዎቹ በወረዱበት ሐሙስ የእትዬ ፔዳል ለምን እንደጠነከረ በዓይናችን አየን። የኋላ ግራ ጎማ ፖምፓ ጎሚኒው ተበልቶ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ዘይቱ ሸራውን ስላራሰው ሸራው ታምቡሩን አይይዝም፤ ይንሸራተታል። የፊት ሁለቱ የጎማ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀዋል። በባልስትራው አጠገብ የሚያልፈው የብረት ቱቦ በዝገት ተልጧል። ሸራዎቹም ከታምቡሩ በጣም ርቀው ነበር፤ በዚህ ሞዴል ሸራ ሲያልቅ ርቀቱ በራሱ አይስተካከልም፤ ከጀርባ ባለው ቡሎን በእጅ መጥበቅ አለበት። ከዚህ በፊት ያየቻት ሌላ ጋራዥ ዘይት ከመጨመር በቀር ምንም አላደረገችም።

ጋሼ አባትየውን በስልክ አነጋገሯቸው። "ወንድሜ፣ ሰርቮ ግፊት ይጨምራል። በዚህ በተሰነጠቀ ቱቦ ላይ ግፊት ብጨምር ዛሬ ያልፈነዳው ነገ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ፔዳሉ አይጠነክርም፤ ጭራሽ ወለል ነው የሚነካው። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ሰርቮው ይቅር" አሏቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል ትዝ አለን። አባትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ "እንደምታውቀው አድርገው፤ ልጆች ናቸው የሚጫኑት" አሉ። ለሰርቮ የተቀመጠው ገንዘብ ለጎሚኒ፣ ለቱቦ፣ ለሸራ እና ለዘይት ወጣ። እኛም ሌላ ሁለት ወር በእግራችን ሄድን።

የድሮ ሸራ ሲወልቅ ጋሼ አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም እንዳንነፋ አስጠነቀቁን። በዘመኑ ብዙ ሸራ የሚሠራው አስቤስቶስ ከሚባል ቃጫ መሰል ማዕድን ስለነበር አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በፌስታል ቋጥረው ጣሉት።

ሌላው ጉድለት በዓይን የማይታይ ነበር። በዚህች መኪና አንድ ማስተር በአንድ መስመር አራቱንም ጎማ ያዛል። በአንዱ ጎማ ዘይቱ ቢፈስ አራቱም ፍሬን አልባ ይሆናሉ። በኋላ የመጡ መኪናዎች ለፊትና ለኋላ የተለያየ መስመር ያለው ድርብ ማስተር አላቸው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይቀራል። አሜሪካ ይህን ከ1968 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ በሕግ አስገድዳለች። ጋሼ "ከሰርቮው እና ከድርቡ ማስተር አንዱን ምረጥ ብባል ድርቡን ነው የምመርጠው" ብለውናል።

ሰርቮው ሲገጠም

እንደ ዕድል ሆኖ ሁለቱም አብረው ተገኙ። ጋሼ የሚያውቋቸው፣ እኛም አዴር ብለን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ የሶማሌ መካኒክ፣ ግቢያቸው ውስጥ ከቆመ የኋለኛው ሞዴል፣ ማለትም ከሲሪየስ 3፣ ሙሉውን የፔዳል ማቀፊያ ከነሰርቮው እና ከነድርብ ማስተሩ ፈትተው በቅናሽ ሰጡ። "ልጆች ለሚጫኑበት ነው" ሲባሉ የመጨረሻውን ክፍያ በሁለት ጊዜ እንዲሆን ፈቀዱ። ሙሉ ማቀፊያው መገኘቱ ጥሩ ነበር፤ ለሰርቮ የተሠራ ፔዳል የምሳሪያ ርዝመቱ ከድሮው ሊለይ ስለሚችል ድስቱን ብቻ ወስዶ በአሮጌው ፔዳል ላይ ማሰር አያስተማምንም። አሮጌ ዕቃ ስለሆነ ግን የውስጡ ጎሚኒ በሙሉ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱ ጎሚኒ ከዱባይ በበርበራ ወደብ በኩል የመጣ ነው።

በሥራው ላይ ሦስት ነገሮችን በተለይ አስተውለናል።

አንደኛ፣ ከሰርቮው በሚወጣው ዘንግ እና በማስተሩ ፒስተን መካከል በጣም ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተት ከሌለ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀርና ጎማው ይግላል። ከበዛ ደግሞ ፔዳሉ ብዙ ከወረደ በኋላ ነው የሚይዘው።

ሁለተኛ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ እንደ ማንኛውም የውኃ ቱቦ ሳስ ያለ መሆን የለበትም፤ ሲመጠጥ ይጣበቃል። በመንገዱ ላይም አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ አለች። ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ባዶነቱን ጠብቃ ለአንድ ሁለት ጊዜ የሚሆን እገዛ የምታቆየው እሷ ናት። ተገልብጣ ብትገጠም ሰርቮው አይሠራም።

ሦስተኛ፣ አየር ማስወጣት። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሥራው ከማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምራል። የእኛይቱ መሪዋ በቀኝ ስለሆነ የራቀው የኋላ ግራ ነው። አንዳችን ፔዳል ስንረግጥ ሌላችን ዘይቱ እንዳያልቅ እየተጠባበቅን አመሸን።

ሙከራው

ሥራው ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሰው በሌለበት ሜዳ ሞከርናት። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመርን። ጋሼ አጠገብ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ አባትየው ቀጥሎ እትዬ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየመጡ መስመሩ ላይ ፍሬን ያዙ። ይህን የሰርቮው ቱቦ ተፈትቶ፣ ከዚያም ተመልሶ ታስሮ አደረግነው።

ውጤቱ ከጠበቅነው የተለየ ነበር። አባትየው ያለ ሰርቮም ከሰርቮ ጋርም የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እትዬ ግን ያለ ሰርቮ ከእሳቸው ብዙ እርምጃ አልፈው ቆሙ፤ በሰርቮ ሲሆን ከአባትየው ምልክት አጠገብ ቆሙ።

የፊዚክስ መምህራችን ምክንያቱን እንድንፈልግ አንድ ሳምንት ሰጡን። መልሱ ይህ ነው፦ መኪናን የሚያቆመው በመጨረሻ በጎማው እና በመሬቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። የአባትየው ጠንካራ እግር ብቻውን ጎማውን እስከዚያ ወሰን ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ሰርቮው የሚጨምረው ነገር የለም። ለእትዬ ግን በእግራቸው ጉልበት እና በዚያ ወሰን መካከል ሰፊ ክፍተት ነበር፤ ሰርቮው የሞላው እሱን ነው። ሰርቮ መኪናውን የተሻለ አያደርገውም፤ ለሁሉም እግር እኩል ያደርገዋል እንጂ።

ቁልቁለት ላይ

ሰርቮ የማይለውጠው ሌላ ነገር ሙቀት ነው። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይለውጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ፍሬን ብቻውን ይዞት ቢሄድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት 70 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል መሆኑን ሰሌዳ ላይ አስልተናል። በሼክ ተራራ ወደ በርበራ ወይም በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው የሸራ ሽታውን ያውቀዋል። የጋለ ሸራ መያዝ ይተዋል፤ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230 ይታገሣል። ግን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ውኃ ሲገባው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ በፍጹም አይጨመርበትም፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

መፍትሔው አሮጌው ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ ባለ ሰርቮ መኪና ላይ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ እገዛው ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል።

እቤት ልናደርገው የምንችለው

ወላጆቻችን ያላቸው መኪና አሮጌም አዲስም ቢሆን ሰርቮው መሥራቱን በአንድ ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡት፤ ይጠነክራል። ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው ይሠራል። ምንም ካልወረደ ቱቦው፣ ቫልቩ ወይም ሰርቮው ይታይ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ተረግጦ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰጥም ከሆነ ግን ችግሩ የዘይት መፍሰስ ወይም የማስተር ጎሚኒ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይታይ ከግቢ አይውጣ። በየጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የእርጥበት ምልክት መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየትም ለማንም ልጅ የሚከብድ አይደለም።

እትዬ መጀመሪያ እንደገና መሪ የያዙት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዚያ ቀን ከመነሣታቸው በፊት ወርደው አራቱንም ጎማ በየተራ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ፔዳሉን ረግጠው ሞተሩን አስነሡ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ፍየሎቹ መንገዱ መሀል ነበሩ። እትዬ ከሩቁ ማርሽ ቀነሱ፤ ፍሬኑንም በአንድ እግራቸው ብቻ ያዙ። መኪናዋ ቆመች። ከኋላ ያለነው ስምንታችንም አጨበጨብን።

ለጋሼ፣ ለአዴር፣ ለፊዚክስ መምህራችን እና መኪናቸውን መማሪያ ላደረጉልን ቤተሰብ የክበባችን አባላት ከልብ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ዓመት እጅ ፍሬኑን እናጠናለን፤ የዚያን ቀን ያዳነን እሱ ነውና።